በሁለት የሰሜን ነፋሶች መካከል

በባሃማስ የኤክሱማ ደሴቶች የብርዱን ወራት በሸራ ጀልባ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ልብስ የሚያጥብበትን፣ ገበያ የሚወጣበትንና ወዳጅ የሚጠይቅበትን ቀን የሚወስንለት ከሰሜን አሜሪካ ምድር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ነው። ይህ አየር በጥርና በየካቲት ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ አልፎ አልፎም ሁለቴ ይደርሳል። ሲደርስ ነፋሱን ከደቡብ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ያዞረዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን በኃይል ከነፈሰ በኋላም ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የእኔና የባለቤቴ ኑሮ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚመራው በዚህ ዑደት ነው።

ዘመዶቻችን ሲደውሉልን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ?» ብለው ነው። በምንልክላቸው ፎቶ ላይ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ብቻ ስለሚያዩ ኑሯችን የማያልቅ ዕረፍት ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። እኔ ግን እዚህ የመጣነው ለሽርሽር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ጀልባዋ ቤታችን ናት፤ ቤት ደግሞ ውሃ፣ መብራት፣ ምግብ፣ ጥገናና ጥበቃ ይፈልጋል። በየብስ ላይ ሌሎች ሰዎች በየመሥሪያ ቤታቸው ሆነው የሚያዘጋጁልንን ሁሉ እዚህ ራሳችን እናዘጋጃለን። የምወደውም ይህንኑ ስለሆነ፣ የቤት አያያዙን ነገር በዝርዝር ልጽፈው ፈለግኩ።

የሙቀቱን ወራት የምናሳልፈው በሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ነው። በጥቅምት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር በባሕር ዳርቻው የውስጥ ውሃ መንገድ ወደ ፍሎሪዳ እንወርዳለን። ከማያሚ እስከ ቢሚኒ ደሴት ያለው ርቀት 45 የባሕር ማይል ያህል ብቻ ቢሆንም በመካከሉ የገልፍ ጅረት ያልፋል። ይህ ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ወደ ሰሜን የሚፈስሰው ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ3 የባሕር ማይል በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሆነ፣ የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ማዕበሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምና እርስ በርሱ የተጠጋጋ ይሆናል፤ ለትንንሽ ጀልባዎች ከዚህ የከፋ ውሃ የለም። ስለዚህ ተሻጋሪው ሁሉ ነፋሱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ እስኪዞር ድረስ በፍሎሪዳ ዳርቻ መልህቁን ጥሎ ይጠብቃል። አንዳንድ ዓመት ጥበቃው በማግሥቱ ያበቃል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ሳምንታት ያልፉበታል።

ኤክሱማ ከዋና ከተማዋ ከናሶ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚጀምር የደሴቶች ሰንሰለት ነው። የደሴቶቹ ቁጥር በተለምዶ 365 ነው ይባላል። አብዛኞቹ ጠባብ፣ ዝቅ ያሉና ሰው የማይኖርባቸው ናቸው። በስተ ምሥራቃቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ጥቁር ሰማያዊ ባሕር አለ። በስተ ምዕራባቸው ያለው ግን ባንክ የሚባለው የአሸዋ ሜዳ ሲሆን፣ ብዙው ቦታ ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ብቻ ጥልቀት አለው። የተለመደው ነፋስ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ጀልባዎች ደሴቶቹን ከለላ አድርገው በምዕራብ በኩል መልህቃቸውን ይጥላሉ። ችግሩ የሚመጣው ቀዝቃዛው አየር ነፋሱን ወደ ምዕራብ ሲያዞረው ነው። ያን ጊዜ ከለላ የነበረው ደሴት ከጀልባው ኋላ ይቀራል፤ መልህቁ ቢንሸራተትም ጀልባው የሚገፋው ወደ ድንጋዩ ነው።

ከዚህ የተነሣ ነፋሱ ከመዞሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ወሬው ሁሉ ስለ መጠለያ ይሆናል። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ለስለስ ብሎ ይነፍሳል፣ አየሩ ሞቅና ረጠብ ይላል፣ የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትር ዝቅ ማለት ይጀምራል። ባለቤቴ በሳተላይት ኢንተርኔት የሚመጣውን የነፋስ ካርታ ትመለከታለች፤ እኔ የጥልቀቱን ካርታ እዘረጋለሁ። ከዚያ ተነጋግረን የት እንደምናድር እንወስናለን። ብዙ ጊዜ የምንመርጠው በታላቁ ኤክሱማና በስቶኪንግ ደሴት መካከል የሚገኘውን የኤልዛቤት ወደብ ነው። ወደቡ ሰፊ በመሆኑ በብርዱ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎች ይሰበሰቡበታል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን በስቶኪንግ ደሴት ጥግ እንውላለን፤ ከምዕራብ ሲጠበቅ ደግሞ ተሻግረን በጆርጅ ታውን ከተማ በኩል እንጠለላለን። የምዕራቡ ነፋስ የሚቆየው አንዳንዴ ግማሽ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያች ጊዜ ብለው መልህቅ ማንሣት የማይፈልጉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የግማሽ ቀን ድካም አንድ እንቅልፍ ያጣ ሌሊትን አያህልም።

መልህቅ የመጣል ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ እውነቱ ግን የጀልባዋ ደኅንነት ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ፀሐይ ከኋላ ወይም ከአናት ስትሆን ጸረ ነጸብራቅ መነጽር አድርገን የውሃውን ቀለም እናነባለን፤ ነጣ ያለው አሸዋ፣ ጠቆር ያለው ሣር፣ ቡናማው ኮራል ነው። ሣር ላይ መልህቅ አይይዝም፤ ኮራል ላይ መጣል ደግሞ ነውር ነው፤ ብዙ ዓመት የፈጀን ሕይወት በአንድ ሰንሰለት ያደቅቃልና። አሸዋውን ካገኘን በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። ውሃው ሦስት ሜትር ከሆነና የጀልባዋ ፊት ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ድምሩ አራት ሜትር ተኩል ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲጠበቅ የዚህን ሰባት እጥፍ፣ ማለትም ከ30 ሜትር በላይ ሰንሰለት እንለቃለን። ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን መልህቁን የሚስበው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ስለሚሆን አሸዋው ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። በመጨረሻም ሞተሩን ወደ ኋላ አስነሥተን እንጎትተዋለን፤ በባሕር ዳር ያሉ ሁለት ዛፎች በዓይናችን ፊት ከቦታቸው ካልተለዋወጡ መልህቁ ይዟል ማለት ነው።

እኔ ግን ሄጄ ሳላየው አልተኛም። ውሃው በየካቲት እንኳ 23 ወይም 24 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስላለው የመዋኛ መነጽሬን አድርጌ እገባለሁ። ከላይ ሆኖ ሲታይ መልህቁ ሙሉ በሙሉ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የእጀታው ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይገኛል። አጠገቡ የተነቀለ ሣር የለም፣ የተቦጨቀም አሸዋ የለም፤ የገባበት አጭር ቦይ ብቻ ይታያል። ቀዝቃዛው አየር ካለፈ በኋላ ተመልሼ ስገባ ደግሞ ሰንሰለቱ በአሸዋው ላይ ትልቅ ቅስት አስምሮ አገኘዋለሁ። ከደቡብ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ሰሜን የዞረው የሌሊቱ ነፋስ መንገዱን በሙሉ እዚያ ጽፎታል፤ የት ላይ እንደበረታና የት ላይ ቶሎ እንዳለፈ ከአሸዋው ማንበብ ይቻላል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ይህን ያህል ደስ የሚለኝ ነገር ጥቂት ነው።

ለውጡ በሌሊት ሲመጣ በየተራ እንነቃለን። መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ በኩል ከዋክብቱ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ነፋሱም ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ይላል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየር በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይደርሳል፣ ዝናቡ ይከተላል፤ ወደቡን የሞሉት የምሰሶ ጫፍ ነጭ መብራቶችም ሁሉም በአንድነት አቅጣጫቸውን ይለውጣሉ። ነፋሱ 25 ወይም 30 ኖት (በሰዓት ይህን ያህል የባሕር ማይል) ሲደርስ በምሰሶው ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ንግግር ያቋርጣል። ሰንሰለቱ እንዳይነጥቅ የምናስርበት የናይሎን ገመድ እየተሳበ ሲያቃስት ከመኝታችን ሆነን እንሰማዋለን። ያን ጊዜ ከመካከላችን ተረኛ የሆነው ሰው ጃኬቱን ደርቦ፣ ትኩስ ሻይ ይዞ ውጭ ይቀመጣል። ሥራው የጎረቤቶቹን መብራት ማየት ነው፤ የእኛ መልህቅ ቢይዝም ከፊታችን ያለው ጀልባ ተንሸራቶ ሊመጣብን ይችላል። አንዱ ሲንሸራተት በሬዲዮ ይጠራል፣ የሚቀርበውም ሰው በጎማ ጀልባ ለእርዳታ ይወጣል። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት ማን ከየት አገር እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

በማግሥቱ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ ከቶሮንቶ የመጡት ጎረቤቶቻችን በከናቴራ ሲውሉ እኛ ጋቢ እንደርባለን።

ውሃ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ትልቁ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ቧንቧው ሲንፎለፎል ሌሊት ተነሥቶ በርሜልና ጀሪካን የሞላ እጅ፣ አንድ ሊትር ውሃ ምን ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ባለቤቴም እኔም ይህን ከቤተሰቦቻችን ስለተማርን በጀልባ ኑሮ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ለእኛ የታወቀ መንገድ ነበር። ዕቃ የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው፤ የሚለቀለቀው በንጹሕ ውሃ ነው። ገላችንን ባሕር ውስጥ ታጥበን ስንወጣ ጨዉን ለማስለቀቅ ከሁለት ሊትር በላይ አንጠቀምም። የፊት መታጠቢያው ውሃ በሳህን ተጠራቅሞ የእግር መታጠቢያ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ በጥላ ሸራው ላይ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ጨዉን አጥቦ እስኪወስድ ድረስ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በቱቦ ወደ ጋኑ ይገባል።

የባሕርን ውሃ የሚያጣራ መሣሪያም አለን። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ያንን ለመለየት ውሃው በ55 ባር ግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ወንፊት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ግፊቱ በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ መሣሪያው ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ኃይለኛ ነፋስ ካለፈ በኋላ ጥልቀት የሌለው ባሕር አሸዋው ተበጥብጦ ወተት ስለሚመስል ለሁለት ሦስት ቀን ማጣሪያውን አናስነሣውም። እንደገና ሰሜኑ ነፋስ የቤቱን ሥራ ሲወስን የሚታየው እዚህ ነው፤ ልብስ የምናጥበው ባሕሩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቀጣዩ ነፋስ ሳይደርስ ባለችው ቀን ነው። በዚያች ቀን የወደቡን ጀልባዎች ብታዩ ሁሉም በአጥሩ ገመድ ላይ አንሶላና ፎጣ አስጥተዋል።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው። የሚመጣው ከፀሐይ ነው። በታኅሣሥ ማብቂያ በዚህ ኬክሮስ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነና ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ፣ ደመና በዋለበት ቀን ማቀዝቀዣውን ቀንሰን በጊዜ እንተኛለን።

ስለ ምግብ ግን ብዙ የምለው አለ። የአገራችን ማዕድ ቤት ለባሕር ኑሮ እንደተዘጋጀ ያወቅኩት እዚህ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር ክክ፣ በሶ፣ ቆሎ ሁሉም ደረቅ ናቸው፤ ማቀዝቀዣ አይጠይቁም፣ ለወራት አይበላሹም፣ ቦታም አይዙም። ንጥር ቅቤ በተከደነ ማሰሮ ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ ከርሞ መዓዛው እንዳለ ይወጣል፤ ከሱቅ የሚገዛው ቅቤ ግን በዚህ ሙቀት ሳምንት አይቆይም። እንጀራ መጋገር ጋዝና ውሃ ስለሚፈጅ፣ ጀልባዋም ስትናወጥ ሊጡ ስለሚፈስስ በየሳምንቱ አንጋግርም። ከሜሪላንድ ከመነሣታችን በፊት ባለቤቴ ብዙ እንጀራ ጋግራ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ አየር በማይገባው ዕቃ ውስጥ ድርቆሽ ታስቀምጣለች። ነፋሱ በርትቶ ምድጃው ላይ ድስት መጣድ በሚያስቸግርበት ቀን ድርቆሹን በትኩስ ወጥ ፈትፍተን እንበላለን። በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ ምን እንብላ የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም፤ ከጎረቤት ጀልባዎች መጥተው ሽሮውን የቀመሱ ሰዎች አሠራሩን ጽፈው ወስደዋል።

አትክልት የሚመጣው ከናሶ በሚነሣው የፖስታ መርከብ ነው። መርከቡ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ ዶሮና ጎመን ለየደሴቱ ያደርሳል። ባሕሩ ከተናወጠ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የጆርጅ ታውን ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ይሆናል። መርከቡ በገባ ማግሥት ግን ጠዋት በጎማ ጀልባችን ከድልድዩ ሥር ባለችው ጠባብ መግቢያ አልፈን በከተማዋ መካከል ወዳለችው፣ ቪክቶሪያ ወደምትባለው ትንሽ ሐይቅ እንገባለን። እዚያ ካለው የጎማ ጀልባዎች ማሰሪያ አጠገብ ለመርከበኞች በነፃ የተከፈተ የውሃ ቧንቧ አለ። ጀሪካኖቻችንን ሞልተን፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ገዝተን እንመለሳለን። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ከውጭ እየላጡ ከተጠቀሙበት ሳምንታት ይቆያል።

በየጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በወደቡ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ በሬዲዮ ይገናኛሉ። የአየሩ ትንበያ ይነበባል፤ ቀጥሎ ሐኪም የሚፈልግ፣ የሞተር ዕቃ የጠፋበት፣ ወደ ናሶ የሚሄድ ደብዳቤ ያለው ይናገራል። እኔ የምወደው አዲስ ገቢዎች ስማቸውን የሚናገሩበትን ጊዜ ነው። ከኩቤክ፣ ከሜን፣ ከብሬመን የመጡ ድምፆች ይሰማሉ፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊ ድምፅ የእኛ ብቻ መሆኑ አንዳንዴ ያሳስበኛል። የጥምቀት ዋዜማ ሲደርስ ይህ ይበልጥ ይሰማኛል። በሁለቱ አገሮች መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት ስላለ የአዲስ አበባ ንጋት ለእኛ የዋዜማው ማታ 4 ሰዓት ነው። ከጃንሜዳ የሚተላለፈውን ጸሎት በውሃ ተከበን፣ ከምሰሶው መብራት በታች ተቀምጠን እንከታተላለን፤ ባለቤቴ ነጠላዋን ትለብሳለች።

ይሁንና ብቸኝነቱ እንደዚያ ብቻ አይቀርም፤ የኤክሱማ ሰዎች አሉና። እንግዳ የሚቀበሉት በሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጉዳይ መግባት እዚህም እንደ አገራችን ነውር ነው። ብዙዎቹ የቤተሰብ ስማቸው ሮል ነው። ስሙ የእንግሊዛዊው ባለ ርስት የሎርድ ጆን ሮል ሲሆን፣ በእርሱ እርሻዎች በባርነት ተይዘው የነበሩት ሰዎች ስሙን ይዘው ቀርተዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830 ወደ ካት ደሴት ሊያዛውሯቸው በተነሡ ጊዜ ፖምፒ የሚባል ሰው እየመራቸው እምቢ አሉ። ጫካ ውስጥ ለሳምንታት ከተደበቁ በኋላ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የጌታቸውን የጨው ጀልባ ወስደው፣ ሸራውን ዘርግተው፣ አቤቱታቸውን ለገዥው ለማቅረብ ወደ ናሶ ተጓዙ። ፖምፒ በመጨረሻ ቢገረፍም ሰዎቹ ሳይዛወሩ ቀሩ፤ የባርነት ማብቂያ ሕግም በ1834 ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ነፋስ መርጠን፣ የአየር ትንበያ አንብበን፣ በሞተር ታግዘን የምናልፈውን ያንኑ ውሃ እነርሱ ነፃነት ፍለጋ አልፈውበታል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከዚህ ወደብ ወደ ናሶ ስንሄድ ባሕሩን የማየው በሌላ ዓይን ነው። የዚህ ምድር ሰዎች ከሸራ ጋር ያላቸው ትስስር ዛሬም አልተቋረጠም፤ ከ1954 ጀምሮ በሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ በሚደረገው የጆርጅ ታውን የጀልባ ውድድር ላይ የሚሰለፉት በባሃማስ ሰዎች እጅ የተሠሩ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው። ሸራቸው ከጀልባው መጠን በላይ ሰፊ በመሆኑ ሰዎቹ ወደ ጎን በወጣ ሳንቃ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው በክብደታቸው ሚዛኑን ይጠብቃሉ።

መጋቢት ሲያልቅ ቀዝቃዛው አየር እየሳሳ ይመጣል። አንዳንዱ እኛ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ የምሥራቁም ነፋስ ለሳምንታት ሳይለዋወጥ ይነፍሳል። ያን ጊዜ ሐሳባችን ወደ መመለሻው ይዞራል። የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ሰኔ 1 ቀን በፈረንጆች አቈጣጠር ይጀምራልና ብዙ የመድን ውሎች ጀልባው ከዚያ በፊት ወደ ሰሜን እንዲወጣ ያስገድዳሉ። በዚሁ አቈጣጠር በመስከረም 2019 በሰሜን ባሃማስ በሚገኙት በአባኮ ደሴቶች ላይ የወረደውን፣ ዶሪያን የተባለውን አውሎ ነፋስ ጥፋት ያየ ሰው ደግሞ የመድን ውል አያስፈልገውም።

ስለዚህ አሁን ሥራው ሌላ ነው። የጀልባዋን ሆድ ከውሃ በታች ገብቼ እፍቃለሁ፤ በወራት ውስጥ የተጣበቀባት ቀንድ አውጣ መሰል ቅርፊት ፍጥነቷን ይቀንሳልና። ባለቤቴ የሸራውን ስፌት በመርፌ ታጠናክራለች። የዘንድሮው ሰንሰለት የመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች ዚንካቸው ተልጦ ዝገት ጀምረዋል፤ በኅዳር ከመመለሳችን በፊት በሜሪላንድ አዲስ እንገዛለን። የድርቆሹም ዕቃ በየካቲት ስላለቀ፣ ለመጪው ዓመት እጥፍ እንዲሆን ተስማምተናል።